ጃፓንን ስናጭ

«ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ! አየር ጤና!»

ሜክሲኮ ቆማችሁ ታክሲ የጠበቃችሁ ሁሉ ይህችን ጥሪ ታውቋታላችሁ። ወያላው ትንፋሽ ሳይወስድ የሚጠራት ሴት ንጉሥ የወለዳት፣ ገና በልጅነቷ የተዳረች፣ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ የሞተች ልዕልት መሆኗን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? እኔ እዚሁ ሰፈር አድጌም አላሰብኩትም ነበር። ዘነበወርቅ ማለት ለእኔ አለርት ሆስፒታል ነው፣ የጠዋት ሰልፍ ነው፣ «ወራጅ አለ!» ብዬ የምጮህበት ቦታ ነው። አንድ ቀን ግን ትራፊክ ይዞን ታክሲው ውስጥ ተጨናንቀን ቁጭ ብለን ሳለ፣ የምንጠራት ልዕልት የኢትዮጵያ፣ የተቀመጥንባት ሚኒባስ የጃፓን ቶዮታ መሆኗ ታሰበኝ። ነገሩ በአጋጣሚ አንድ ላይ የመጣ ይመስላል። ልዕልቲቱ በተዳረችባቸው በእነዚያው ዓመታት ግን አገራችን ጃፓንን ለማጨት ደፋ ቀና እያለች ነበር። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ የእኛን ሳነሳ ዓ.ም. እላለሁ።)

ከልዕልቲቱ ልጀምር። ልዕልት ዘነበወርቅ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት። በ1932 ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳረች። ደጃዝማቹ የራስ ጉግሣ አርአያ ልጅ፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። በዚያው ሰሞን አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ አገባ። ሁለቱም ጋብቻ የሸዋን ቤተ መንግሥትና የትግራይን መኳንንት ለማስተሳሰር የታሰበ ነው። በእኛ አገር ዲፕሎማሲ ከጥንትም የሚሠራው እንደዚህ ነበር፤ ውል ይቀደዳል፣ አማች ግን አማች ነው ይባላል። የዘነበወርቅ ትዳር ግን አልቆየም፤ ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ከጣሊያን ወረራ በፊት በሚሲዮናውያን የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በስሟ ተጠራ፣ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ባልየውስ? ጥቅምት 1935 ጣሊያን መረብን በተሻገረ በቀናት ውስጥ ሄዶ ለጠላት ገባ። የአማችነት ፖለቲካ ዋስትናው ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጋብቻ እንሂድ፤ ወዳልተፈጸመው።

ጃፓን የኢትዮጵያ ምሁራን ሕልም ውስጥ የገባችው ቀደም ብላ ነው። እኛ በ1896 አድዋ ላይ ጣሊያንን ድል አደረግን። ጃፓን ደግሞ በ1904 እና 1905 ሩሲያን አሸነፈች። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ አውሮፓዊ ኃይልን በጦር ሜዳ ማንበርከኩ የዓለም መነጋገሪያ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ የሁለቱ አገሮች ስም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባቱ አይገርምም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ጃፓን ፋብሪካውን፣ የባሕር ኃይሉን፣ ትምህርት ቤቱን ይዛ ገሠገሠች። እኛ ድሉን ይዘን ቀረን። ይህ የቆጫቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው ጃፓንን እንደ አርአያ አነሷት። ከእርሳቸውም በኋላ የመጡት ምሁራን ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም ስለነዚህ «ጃፓን ወዳጆች» በሰፊው ጽፈዋል።

ሕልሙ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ያን ቀን ተፈረመ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሞዴል ያደረጉት የ1889ን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። የጃፓኑ 76 አንቀጽ ነበረው፣ የእኛው 55። ንጉሡ ቅዱስ፣ ሥልጣኑ የማይገሠሥ፣ ፓርላማው ሁለት ምክር ቤት። መልኩ ተቀድቷል። ጃፓን ግን ሕገ መንግሥቱን ከመጻፏ ከ18 ዓመት በፊት የመሳፍንቱን ግዛት አፍርሳ አውራጃ አድርጋው ነበር፤ ከ16 ዓመት በፊት ደግሞ ብሔራዊ ውትድርናን ደንግጋለች። እኛ ጋ የምክር ቤቱን አባላት ራሳቸው መኳንንቱ ናቸው የሚመርጡት። ጣሪያው ከቶኪዮ መጣ፣ መሠረቱ ገና አልተቆፈረም። (ይህን ስጽፍ ካይዘን ትዝ አለኝ። ግድግዳው ላይ የካይዘን ቻርት የተለጠፈበት፣ ከሥሩ ግን ፋይል የሚጠፋበት ቢሮ ያላየ እጁን ያውጣ።)

እንግዲህ ሕገ መንግሥቱ በተፈረመ በጥቂት ወራት ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተነሡ። ኅሩይን አብዛኞቻችን በደራሲነታቸው እናውቃቸዋለን። የቤተ ክህነት ተማሪ፣ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው ጋር ልጅ አርአያ አበበ የሚባል ከመሳፍንት ወገን የሆነ ወጣትና አቶ ዳባ ብሩ ነበሩ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ፤ አንድ ወር ገደማ ፈጅቶባቸው በኖቬምበር 1931 ጃፓን ደረሱ። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀበሏቸው። ፋብሪካ ጎበኙ፣ ግብዣ በግብዣ ሆኑ። ሕዝቡ እንደ ብርቅ ከበባቸው። ኅሩይ ሲመለሱ መጽሐፍ ጻፉ፤ ርዕሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ይባላል። ርዕሱን ብቻ አንብባችሁ ልባቸው የት እንደነበረ ታውቃላችሁ። የብርሃን ማደሪያ!

ልፈርድባቸው አልፈልግም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ልቤ ይሸፍት ነበር። ያኔ በሦስት ወገን እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከበውናል። መሣሪያ ለመግዛት እንኳ የእነሱን ወደብ መለመን ነበረብን። ቅኝ ግዛት እዚህ አካባቢ የሌላት፣ ጨርቋ ርካሽ የሆነ፣ ዘውዷ ጥንታዊ የሆነ አንዲት አገር እሩቅ ምሥራቅ ላይ ቆማ ታያለህ። ታሪኳን ስትገልጥ ደግሞ የራስህን መልክ ታገኛለህ። አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያንን አባርረው በር ዘጉ፤ ጃፓንም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ፖርቱጋሎችን አስወጥታ በሯን ዘጋች። ሂሮሂቶ በጃፓኖች ቆጠራ 124ኛው ንጉሠ ነገሥት ናቸው፣ የእኛው ዘውድ ደግሞ ከንጉሥ ሰሎሞን ይቆጠራል። ነገሩ ሁሉ ይመሳሰላል። ሰው ደግሞ የሚመስለውን ይወዳል።

ንግዱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በ1930 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሟል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አገር ቤት ከሚሸጠው የውጭ አቡጀዲ አብዛኛው የጃፓን ነበር። ዲፕሎማቶቹ ስለ ዘውድ ሲያወሩ ባላገሩ በልብሱ ጃፓንን ያውቃት ነበር ማለት ነው።

ልጅ አርአያም ከጃፓን ሲመለስ አንድ ሐሳብ ይዞ ተመለሰ፤ ጃፓናዊት ማግባት። ነገሩ በጃፓን ጋዜጦች ወጣ፣ ፈቃደኛ ሴቶች ተመዘገቡ፣ በመጨረሻም የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ተመረጠች። የዓለም ጋዜጦች አበዱ። አስቡት፤ አፍሪካዊ መስፍንና እስያዊት የመኳንንት ልጅ፣ በ1934! ዛሬ ቢሆን ፌስቡክ ለሦስት ሳምንት ሌላ ወሬ አይኖረውም ነበር። ጣሊያኖች ግን አልሳቁም። «ቢጫው አደጋ» ወደ አፍሪካ ገባ ብለው ጋዜጦቻቸው ጮኹ፣ መንግሥታቸውም ነገሩን በዓይነ ቁራኛ ይከታተለው ጀመር። እዚያው 1934 ውስጥ እጮኝነቱ ፈረሰ። ማሳኮ ኢትዮጵያን ሳታይ ቀረች።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ደስ የሚል የፍቅር ወሬ ስለሆነ ይደጋገማል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የቀኑ አቆጣጠር ነው።

መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ማለትም ሴፕቴምበር 18 ቀን 1931፣ የጃፓን ጦር ሙክደን አጠገብ ራሱ ባፈነዳው ፈንጂ አሳብቦ ማንቹሪያን መውረር ጀመረ። ማንቹሪያ የቻይና ግዛት ናት። ቻይና በሦስተኛው ቀን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አለች። የማኅበሩ አባል ናት፤ እኛም ከ1923 ጀምሮ አባል ነን። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን የአንድ ክፍል ተማሪዎች እንደማለት ነው። ወራሪዋም ጃፓን አባል ብቻ ሳትሆን በምክር ቤቱ ቋሚ መቀመጫ ያላት ናት። እንግዲህ የእኛ መልእክተኞች መርከብ ላይ የነበሩት ይህ ሁሉ በሚሆንበት ወር ነው። ቶኪዮ ውስጥ በክብር ሲስተናገዱ የጃፓን ወታደሮች ማንቹሪያ ውስጥ ከተማ ከከተማ እየያዙ ነበር። የጎረቤት ቤት እየነደደ እኛ የለኮሰው ሰው ቤት እንግዳ ሆነን ቡና እንጠጣ ነበር ማለት ነው።

ጉዞው ቀድሞ የታቀደ ነው፣ እሺ። በዚያ ዘመን ወሬ እንደ ዛሬው በደቂቃ አይደርስም፣ እሺ። ነገር ግን ፍቅሩ ከዚያም በኋላ አልበረደም። በማርች 1932 ጃፓን ማንቹኩዎ የሚባል የአሻንጉሊት መንግሥት አቋቋመች። በፌብሩዋሪ 1933 የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ 42 ለ1 በሆነ ድምፅ የጃፓንን ተግባር ሳይቀበል ቀረ፤ ተቃዋሚዋ ራሷ ጃፓን ብቻ ነበረች። ልዑኳም አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ቅጣት አልነበረም፣ ማዕቀብ አልነበረም። ሮም ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ይህን ሁሉ በጥሞና ይከታተል ነበር። ሙሶሊኒ ከማንቹሪያ የተማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሩቅ ያለ ደካማ አገር ብትወስድ ጄኔቫ ቃላት ትወረውርብሃለች እንጂ ጥይት አትተኩስም። እኛ የአርአያን ሠርግ በምናስብበት ጊዜ የእኛ ወረራ የሚፈተንበት ላቦራቶሪ ማንቹሪያ ነበረች።

ወልወል በዲሴምበር 1934 ሆነ። በ1935 ጄኔቫ ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ከተሟገቱት አንዱ ማን ይመስላችኋል? እነዚያው ሕገ መንግሥቱን ከጃፓን የቀዱት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ጃፓን ግን ያን አዳራሽ ትታው ሄዳለች።

ከዚያ ጁላይ 1935 መጣ። በሮም የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ ሙሶሊኒን አግኝተው ጃፓን በኢትዮጵያ ምንም የፖለቲካ ጥቅም እንደሌላትና ጣልቃ እንደማትገባ ነገሯቸው። ቶኪዮ ውስጥ ቁጣ ተነሣ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩም አምባሳደሩን ሊያስተባብል ሞከረ። የጃፓን ቀኝ አክራሪዎች፣ እነ ቶያማ ሚትሱሩ፣ ለኢትዮጵያ ድጋፍ እያሉ ሰልፍና ስብሰባ ጠሩ። አዲስ አበባ ተስፋ አደረገች፤ ዳባ ብሩም በዚያው ዓመት ርዳታ ፍለጋ ወደ ጃፓን ተላኩ። ላም አለኝ በሰማይ። የሚያጨበጭቡልን ሰዎች ቻይናን ለመዋጥ የሚያጨበጭቡት እነዚያው ሰዎች ነበሩ፤ ለእኛ ያላቸው ፍቅር ለነጭ ካላቸው ጥላቻ የተረፈ ነው። መንግሥታቸው ግን ስሜት የለውም፣ ሒሳብ ነው ያለው።

ሒሳቡ የተዘጋው በ1936 መጨረሻ ነው። ጃፓን አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ለወጠች። በዲፕሎማሲ ቋንቋ ይህ ማለት «አገሪቱ የጣሊያን ናት» ማለት ነው። ጣሊያንም በምላሹ ማንቹኩዎ ውስጥ ቆንስላ ከፈተች፣ በኖቬምበር 1937 ደግሞ በይፋ እውቅና ሰጠች። እኛ በማንቹሪያ ተለወጥን። የኅሩይ የብርሃን ማደሪያ የተሰረቀ ዕቃዋን ለማጽደቅ የእኛን መሰረቅ አጸደቀች።

አሁን የምነግራችሁን ግን የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ላይ አላየሁትም። ሜይ 12 ቀን 1938 ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ተሰበሰበ። እንግሊዝ የኢትዮጵያን ጉዳይ ዘግቶ እያንዳንዱ አገር እንደፈለገ ለጣሊያን እውቅና እንዲሰጥ ትፈልጋለች። ጃንሆይ በአካል ተገኝተዋል፤ ሕመም ላይ ስለነበሩ ንግግራቸውን ያነበቡት አቶ ሎሬንዞ ታእዛዝ ናቸው። ምክር ቤቱ ውስጥ አብዛኛው አንገቱን ደፋ። የተቃወሙት አራት ናቸው፤ ሶቪየት ኅብረት፣ ቦሊቪያ፣ ኒውዚላንድና ቻይና።

ቻይና! ያኔ ዋና ከተማዋ ናንጂንግ በጃፓን እጅ ወድቃ፣ ሕዝቧ አልቆ፣ ራሷ ጣሊያንንም እንግሊዝንም ላለማስቀየም ከማንም በላይ ምክንያት የነበራት ቻይና። ወኪሏ ዌሊንግተን ኩ የተናገሩት ስለ እኛ ብቻ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ መወረር እውቅና ካገኘ ነገ ማንቹኩዎም እንደሚያገኝ ያውቃሉ። ጥቅማቸው ነው። ግን ጥቅማቸውና የእኛ ሕልውና አንድ መሥመር ላይ ነበሩ፤ ከ1931 ጀምሮ! ኒውዚላንድ ደግሞ የእንግሊዝ ዶሚኒየን ሆና፣ እናት አገሯ እውቅና ስትሰጥ እሷ እምቢ አለች፤ ወኪሏ ዊሊያም ጆርዳን ይባላሉ። ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ዘውድ የለ፣ አቡጀዲ የለ፣ እጮኛ የለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ ያኔ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ቅኝ ገዢ ነበሩና ተረቱ አልሠራም። የደረሰልን አስበነው የማናውቀው ሩቅ ሰው ነው። በዌሊንግተን ኩ ስም የተጠራ መንገድ አዲስ አበባ ውስጥ አይቼ አላውቅም። በጆርዳንም እንዲሁ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት አረፉ።

ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያ በ1942 በጀርመን፣ በጣሊያንና በጃፓን ላይ ጦርነት አወጀች። አንድ የጃፓን ወታደር ሳናይ ማለት ነው፤ ቢሆንም ከአሥር ዓመት በፊት ልናጫት ለነበረችው አገር ደብዳቤው ይህ ነበር።

ቃኘው ሻለቃ በ1951 ወደ ኮሪያ ሲዘምት ጃንሆይ ያነሡት ነገር የጋራ ደኅንነት ነው፤ ለእኛ በ1936 የተነፈገን። ኮሪያ ራሷ በ1907 ሄግ ድረስ መልእክተኞች ልካ በር የተዘጋባት፣ በ1910 በጃፓን የተዋጠች አገር ናት። ታሪኳ ከጃፓን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። የሄዱት የክብር ዘበኛ ልጆች ናቸው፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፣ አንድም አልተማረከም። ሁሉም ነገር ንጹሕ መርሕ ነበር ብዬ ግን አልሸነግላችሁም። የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ የወሰነው በዲሴምበር 1950 ነው፣ ከአሜሪካ ጋር የመሣሪያና የአሥመራው የቃኘው ጣቢያ ስምምነት በ1953 ተፈረመ። ለመርሕም ለጥቅምም ነው የዘመትነው። ከ1931ዱ የሚለየው ይኼው ነው፤ ያኔ ጥቅማችንን ያየነው በመልክ መመሳሰል ውስጥ ሲሆን፣ አሁን «ነገ እኔ ላይ ቢደርስስ» በሚል ጥያቄ ውስጥ ነው። ወታደሮቹ ሲመለሱ የሰፈሩበት ኮሪያ ሰፈር ዛሬም አለ። ደርግ መጥቶ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ እነሱ የተሳሳተውን ኮሪያ የረዱ ሰዎች ሆነው ቀሩ። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ይህን ሁሉ የቆፈርኩት አለምክንያት አይደለም። በኦክቶበር 2023 ኢትዮጵያና ቻይና ግንኙነታቸው «በሁሉም ወቅት የማይለወጥ» አጋርነት ነው ብለው አሳደጉት። በ2024 ብሪክስ ገባን። የደቡብ ቻይና ባሕር፣ ታይዋን፣ እነዚህን ስሞች የምንሰማው በዓለም ዜና መጨረሻ ላይ፣ ከስፖርት በፊት ነው። ጓደኞቼ ስለ ቻይና ሲያወሩ የሚያነሡት መንገዱን፣ ባቡሩን፣ ስልኩን ነው፤ የኅሩይ ዘመን ሰዎች ስለ ጃፓን የሚያነሡት ፋብሪካውን እንደነበረው። ቤጂንግ ከጎረቤቶቿ ጋር ስላላት ነገር ስጠይቃቸው ግን «እኛን ምን አገባን?» ይሉኛል። በ1931 አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ስለ ማንቹሪያ ቢጠይቅ መልሱ ይህ ሳይሆን የሚቀር አይመስለኝም።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1951 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጃፓን ጋር የሰላም ውል ሲፈረም ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ያን ቀን የቃኘው ልጆች የኮሪያ ተራራ ላይ ነበሩ። በኖቬምበር 1956 ደግሞ ጃንሆይ ራሳቸው ቶኪዮ ሄዱ፤ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን በመንግሥት እንግድነት የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር ናቸው። የተቀበሏቸው ሂሮሂቶ ነበሩ፤ በ1931 ኅሩይን የተቀበሉት እነዚያው ሰውዬ።